ስለ ናታሊያ ጊንዝቡርግ የሚባለው እና እውነታው

እኛ ቤት «ድስቱን ክደኑት» ከተባለ የወጥ ጉዳይ አይደለም። «እንግዳ መጥቷል፣ ወሬውን አቁሙ» ማለት ነው። ከቤታችን ሰው በቀር ይህን የሚረዳ የለም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም።

ጣሊያናዊቷ ደራሲ ናታሊያ ጊንዝቡርግ (1916–1991) ከእንዲህ ዓይነት የቤት አባባሎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሠራች። በ1963 ነው የወጣው። ርዕሱ በአማርኛ «የቤተሰብ ቃላት» እንደማለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የማነሳው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚህ ሌላ ልብ ወለድ፣ ግጥምና ተውኔት ጽፋለች። ስሟ በተነሳ ቁጥር ግን የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። አንዳንዱን እኔም አምኜው ነበር።

«የፕሪሞ ሌቪ ዘመድ ናት»

አይደለችም። የአባቷ ስም ጁዜፔ ሌቪ ስለሆነ የመጣ ግምት ነው። ሌቪ በጣሊያን አይሁዶች ዘንድ የተለመደ ስም ነው። ካርሎ ሌቪ የሚባለውም ደራሲ ዘመዷ አይደለም።

እንዲያውም ከፕሪሞ ሌቪ ጋር ያላት ታሪክ የሚያኮራት አይደለም። እሱ ከአውሽዊትዝ ተርፎ የመጀመሪያ መጽሐፉን ለኤይናውዲ አሳታሚ ሲያቀርብ፣ እዚያ አርታኢ ሆና ትሠራ ነበር። መጽሐፉን ከመለሱበት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። በ1947 ሌላ ትንሽ አሳታሚ አወጣው። ኤይናውዲ ያተመው በ1958 ነው።

ጊንዝቡርግ ደግሞ የባሏ ስም ነው። ሌዮኔ ጊንዝቡርግ ኦዴሳ የተወለደ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ነበር። በ1938 ተጋቡ። እኛ አገር ሴት የአባቷን ስም ይዛ ስለምትኖር ነገሩ ግር ይለናል። እሷ ግን በ1950 ሌላ ሰው አግብታም የሌዮኔን ስም አልተወችም።

«ሴት ስለሆነች ከጅምሩ የራሷን ሕይወት ነው የጻፈችው»

ይህኛው ያናድደኛል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ናታሊያ በወጣትነቷ ስለ ራሷ መጻፍን እንደ እሳት ትፈራው ነበር። ፈተናው ውስጧ እንዳለ ታውቃለች፤ የሴት ጽሑፍ ሙጭጭ ያለና አልቃሻ ይሆናል የሚለው የዘመኑ ወሬም ጆሮዋ ውስጥ ገብቷል። እንደ ወንድ መጻፍ እመኝ ነበር ብላ በኋላ ራሷ ተናግራለች።

ስለዚህ በልብ ወለዶቿ ሃያ ዓመት ሙሉ ሸሸች። በ1942 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ ስሟን እንኳ አልያዘም። የ1938ቱ የዘር ሕግ አይሁዳዊ በስሙ እንዲያሳትም ስለማይፈቅድ «አሌሳንድራ ቶርኒምፓርቴ» በሚል የብዕር ስም ነው የወጣው። ቶርኒምፓርቴ እሷና ባሏ በግዞት ከኖሩበት መንደር ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው። ወላጆቿን፣ ወንድሞቿንና እህቷን በየስማቸው እየጠራች የጻፈችው ከአርባ አምስት ዓመቷ በኋላ ነው።

«መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው፣ ሰዎቹ ፈጠራ ናቸው»

«የቤተሰብ ቃላት» ገና መግቢያው ላይ ለዚህ መልስ አለው። ቦታው፣ ድርጊቱ፣ ሰዎቹ፣ ሁሉም እውነት ነው ትላለች። እንደ ልብ ወለድ ጸሐፊ ልማዷ አንድ ነገር ፈጥራ ስታገኘው ወዲያው ታጠፋዋለች። ስም አልቀየረችም። ደግሞ ዞር ብላ እንደ ልብ ወለድ አንብቡት ትላለች። ምክንያቷ ቀላል ነው። ማስታወስ ያልቻለችው ብዙ ነው፣ የተወችውም አለ፣ በተለይ ስለ ራሷ። ከልብ ወለድ ከሚጠበቀው በላይ እንድንጠይቃት አትፈልግም። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ስትሬጋ የተባለው ትልቁ የጣሊያን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጣት።

አባትየው የቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። ከተማሪዎቹ ሦስቱ፣ ሉሪያ፣ ዱልቤኮና ሌቪ-ሞንታልቺኒ፣ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ይህ ክብር ቦታ የለውም። እዚያ የምናገኘው ማዕድ ላይ የሚጮህ አባት ነው። ልጁ ብርጭቆ ደፋ፣ ይጮሃል። ወጡን በዳቦ ጠረገ፣ ይጮሃል። (እንጀራ አጣቅሰን የምንበላውን እኛን ቢያይ ምን ሊል ነው?)

ለእኛ አንባቢ የሚጎረብጥ ነገርም አለ። አባትየው «ኔግሮ» የምትል ቃል ከአፉ አትጠፋም። ዓይን አፋር የሆነ፣ አለባበስ የማያውቅ፣ ተራራ መውጣት የማይችል፣ የውጭ ቋንቋ የማይናገር ሰው ሁሉ በእሱ ቋንቋ «ኔግሮ» ነው። ሰውየው የሙሶሊኒ ጠላት ነበር፤ ቃሏ ግን አብራው ትኖራለች። ናታሊያ አልሰረዘችውም፣ ይቅርታም አልጠየቀችለትም። መጀመሪያ ገጾቹ ላይ እንዳለ አስቀመጠችው። ሳነበው ከንክኖኛል። ብትደብቀው ኖሮ ግን የቀረውን መጽሐፍ ማመን ይከብደኝ ነበር።

«የጓዳ ጸሐፊ ናት፣ ፖለቲካ አታውቅም»

ሌዮኔ በ1934 ለፋሺስቱ መንግሥት አልምልም ብሎ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን አጣ። በዚያው ዓመት ታሰረ። በ1935 የጣሊያን ጦር አገራችንን ሲወር እሱ እስር ቤት ነበር። የናታሊያ አባትና አንዱ ወንድሟም ታስረው ተፈተዋል። ሌላው ወንድሟ ማሪዮ የተከለከለ ጽሑፍ ሲያሻግር ድንበር ላይ ሊይዙት ሲሉ ወንዝ ውስጥ ዘሎ ስዊዘርላንድ ገባ።

ይህን ታሪክ እንዴት እንደጻፈችው እዩ። ስለ ጀግንነት አንድ ቃል የለም። ያለችው እናት ናት፣ «ካፖርቱን እንደለበሰ ውኃ ውስጥ!» እያለች የምትገረም። ፖለቲካው እዚያው አለ። የተነገረው ግን በእናት አፍ ነው።

ልብ ወለዶቿም ቢሆኑ ለስላሳ አይደሉም። በ1947 ያወጣችው ላይ ተራኪዋ ባሏን በጥይት ዓይኑ ላይ መታችው፤ ይህን የምንሰማው ገና በመጀመሪያው ገጽ ነው። በ1983 ደግሞ ናታሊያ የፓርላማ አባል ሆና ተመረጠች።

«ስለ ባሏ ሞት ጨክና አለፈችው»

ይህን የሚሉት የቤተሰቡን መጽሐፍ ብቻ ያነበቡ ናቸው። እውነት ነው፣ እዚያ ላይ ጥቂት መስመር ናት። ሮም እንደደረሰች አሁን ደህና ጊዜ ሊመጣ ነው ብላ ተነፈሰች። ሌዮኔ በድብቅ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። በሃያኛው ቀን ያዙት። ዳግመኛ አላየችውም። በቃ።

ግን ሞቱን ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ዓይነት ጽሑፍ ነው የጻፈችው። ከ1940 እስከ 1943 ቤተሰቡ አብሩዞ ውስጥ ፒዞሊ በምትባል ገጠር በግዞት ነበር። ሌዮኔ ቀድሞ ሮም ገባ። እሷን የመንደሩ ሰዎች ለጀርመኖቹ «ከኔፕልስ የተፈናቀለች ዘመዳችን ናት፣ ወረቀቷ ጠፍቶባት ነው» አሏቸው። ሦስት ልጆቿን ይዛ በጀርመኖች ካሚዮን ሮም ገባች። ሌዮኔ በየካቲት 1944 ሬጂና ቼሊ እስር ቤት ውስጥ ከደረሰበት ድብደባ በኋላ ሞተ።

በዚያው ዓመት ስለ ፒዞሊ ክረምት አጭር መጣጥፍ ጻፈች። በረዶው፣ ምድጃው፣ የሰፈሩ ሴቶች፣ የአገር ናፍቆቱ። ስናነብ አሰልቺ የግዞት ኑሮ ይመስለናል። መጨረሻ አካባቢ ድንገት ባሏ መሞቱን ትነግረናለች። ያኔ ወደ ኋላ ተመልሰን በረዶውን እንደገና እናየዋለን። ለካ ደስተኞች ነበሩ።

በታኅሣሥ 1944 አንድ መጽሔት ላይ የወጣው ግጥሟ «ትዝታ» ይባላል። ሰዎች መንገድ ላይ ይሄዳሉ፣ ምግብና ጋዜጣ ይገዛሉ፣ ጉዳያቸው ላይ ናቸው። እሷ አንሶላውን ገልጣ ፊቱን ታያለች። ልትስመው እንደ ወትሮዋ ጎንበስ ትላለች። ፊቱ ያው ነው፣ ትንሽ ብቻ ደከም ብሏል። ልብሱም ያው፣ ጫማውም ያው። እጆቹም ዳቦ ይቆርሱ የነበሩት፣ ወይን ይቀዱ የነበሩት ናቸው። በዝርው ላይ «ዳግመኛ አላየሁትም» ያለችው፣ በግጥም አንሶላውን ገልጣ ታየዋለች።

ቅኔና ሰምና ወርቅ እየሰማን ላደግን ሰዎች ይህ ግጥም መጀመሪያ ላይ ባዶ ሊመስለን ይችላል። ወርቁ የታል እንላለን። የተደበቀ ነገር የለም። ጫማው ጫማ ነው። የሚያስለቅሰውም ጫማነቱ ነው።

ስለዚህ «ግጥም ለሷ ትርፍ ነገር ነበር» የሚለውም አያስኬድም። በልጅነቷ የጀመረችው በግጥም ነው። ያሳተመችው ጥቂት ነው፣ ትርፍ ግን አይደለም።

«የቤተሰብ ታሪክ ትዝታ እንጂ ጥናት አይፈልግም»

በ1983 ስለ ትልቁ ደራሲ ማንዞኒ ቤተሰብ ወፍራም መጽሐፍ አወጣች። የተሠራው ከደብዳቤና ከሰነድ ነው። የበለጠ ማለት አያስፈልግም።

«እንዲህ ያለ መጽሐፍ በለቅሶ ነው የሚያልቀው»

እኔም እንዲያ ጠብቄ ነበር። ስንት ሰው ሞቷል፣ ስንቱ ተሰዷል። የ«የቤተሰብ ቃላት» የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ያረጁት ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ያወራሉ። እናት ሺህ ጊዜ ያወራችውን የድሮ ወሬ ልትጀምር ስትል አባት ያቋርጣታል። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰማሁት ብሎ ይነጫነጫል።