የኮሚት መልእክትን በቦት ፖስት ማድረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮድ ቀይረን ስናስቀምጥ ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ) ውስጥ «ምን ቀየርኩ» ብለን የምንተዋት አጭር ጽሑፍ አለች። የኮሚት መልእክት እንላታለን። እሷን በቀጥታ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚልክ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) መሥራት ብዙ ፕሮግራመሮችን ያጓጓል። ሐሳቡን እኔም እወደዋለሁ፤ ሥራን በአደባባይ ማሳየት ያበረታታል። ግን ስለ እሱ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ሰውን ችግር ውስጥ ይከታሉ።

«ሪፖው (የኮዱ ማከማቻ) ለሁሉም ክፍት ነው፤ መልእክቱ ድሮም ይታይ ነበር።»

ይታይ ነበር፤ ግን የሚያየው ኮዱን ሊያነብ የገባ ሰው ነው። የተቀየረው መስመር እዚያው አጠገቡ አለ። ፖስት ሲሆን መልእክቱ ብቻውን ይወጣል። «ወላጁ ከሞተ ልጁንም ግደል» የሚለው ለፕሮግራመር ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ስለ መዝጋት ነው። ለአክስትህ ግን እንደዚያ አይነበብም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የደኅንነት ጉዳይ ነው። «ያለ ፓስወርድ የሚያስገባውን ክፍተት ድፈን» ብለህ ኮሚት አደረግህ እንበል። ማስተካከያው ሰርቨሩ ላይ ገና አልወጣም። ቦቱ ግን ወሬውን አድርሷል። በሩ ሳይዘጋ ክፍት መሆኑን ለሰው ሁሉ ነገርን ማለት ነው።

«ከተሳሳትኩ ኮሚቱን አስተካክዬ ፎርስ ፑሽ አደርጋለሁ።»

ይህ ከሁሉም የባሰው ነው። ፎርስ ፑሽ፣ ማለትም የተስተካከለውን በድሮው ላይ በግድ መላክ፣ የሚቀይረው የሪፖውን ታሪክ ነው። ፖስቱ ባለበት ይቀመጣል። ጊት ውስጥ ደግሞ አንድ ፊደል እንኳ ብታርም ኮሚቱ አዲስ መለያ ይወጣለታል፤ ቦቱም አዲስ ኮሚት መስሎት እንደገና ይልካል። 20 ኮሚት ሪቤዝ ብታደርግ (በሌላ መነሻ ላይ መልሰህ ብትደረድር) 20ውም ተመልሰው ሊለጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ቦቱ የላከውን መዝግቦ እንዲይዝ አድርግ፤ በመለያው ብቻ ሳይሆን በመልእክቱም ያነጻጽር።

ቶክን (እንደ ፓስወርድ የሚያገለግል የሚስጥር ኮድ) ወይም ፓስወርድ አምልጦ ከወጣማ ፖስቱን ለማጥፋት አትሩጥ። መጀመሪያ ቶክኑን ሰርዝ፣ ፓስወርዱን ቀይር። ማጥፋቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«ኮሚት ባደረግሁ ቁጥር ወዲያው መላክ አለበት።»

ከኮሚት በኋላ የሚነሳው የጊት ሁክ (በራሱ የሚነሳ ትንሽ ስክሪፕት) የሚሠራው አንተው ኮምፒውተር ላይ ነው። ፑሽ ስላላደረግህ (ኮሚቱን ወደ ሰርቨሩ ስላልላክህ) ፖስቱ ላይ ያለውን ሊንክ የሚከፍት ሰው ምንም አያገኝም። ሁክ ደግሞ ሪፖው ክሎን ሲደረግ (ሲቀዳ) አብሮ አይሄድም፤ የቡድን ጓደኞችህ ጋ የለም። የሚሻለው ሥራው ዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና ቅርንጫፍ) ላይ ሲገባ በዌብሁክ (ሰርቨሩ ራሱ ለቦቱ በሚልከው ማሳወቂያ) መላክ ነው። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ብቻ ቢላክ ደግሞ እሰየው።

«ጽሑፍ ጽሑፍ ነው፤ እንዳለ ይለጠፍ።»

ኮድ ውስጥ የ@ ምልክት ሌላ ሥራ አለው። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የቋንቋውን ምልክት ጠቅሶ «@ኦቨርራይድ ጨምር» ብሎ ቢጽፍ፣ በዚያ ስም አካውንት ያለው የማያውቀው ሰው ኖቲፊኬሽን ይደርሰዋል። ምልክቱን ቦቱ ቀድሞ ያውጣው። ርዝመትም አለ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያዎቹ ብሉስካይ 300 ፊደል ይፈቅዳል፣ ማስቶዶን በመደበኛው 500። የመልእክቱን የመጀመሪያ መስመር ከሊንክ ጋር መላክ ይበቃል።

«አንዴ ከተሠራ አይነካም።»

ይነካል። ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሀብ፣ ጊትሀብ ሰርቪስስ የሚባለው የቆየ ማገናኛው እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ተዘጋ። በ2023 ደግሞ ትዊተር ነጻ ኤፒአዩን (ፕሮግራሞች የሚገናኙበትን በር) በጣም ሲያጠብ ብዙ ቦቶች ቆሙ።

«ኮሚቶቼ በበዙ ቁጥር ታታሪነቴ ይታያል።»

ሦስት ቀን ያስለቀሰ ስህተት በአንድ መስመር ሊስተካከል ይችላል። በቀን አሥር ጊዜ «ትንሽ ማስተካከያ» የሚል ፖስት ግን ተከታይን ያሰለቻል። እኔ ብሆን ቦቱ የሳምንቱን ኮሚቶች ሰብስቦ ረቂቅ ያዘጋጅልኝና የሚለጠፈውን እኔው እመርጣለሁ። ያቺን የሦስት ቀን ስህተት ግን ቁጭ ብዬ በራሴ ቃል እጽፋታለሁ፤ ምን እንደመሰለኝ፣ የት እንደተሳሳትኩ፣ በመጨረሻ የትኛው መስመር ላይ እንዳገኘኋት።