«ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ስለ ዘይቱ ምን ይነግረናል?

በዘይት ጀሪካን ላይ የሚለጠፈው «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ ሐሰት ባይሆንም፣ አንዱን ዘይት ከሌላው ለመምረጥ ግን አይረዳም። ኮሌስትሮል በእንስሳት ተዋጽኦ ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ፣ ኑግም ሆነ ሱፍ፣ ሰሊጥም ሆነ ፓልም፣ ከዕፅዋት የተገኘ ዘይት ሁሉ ከመነሻው ይህ ነው የሚባል ኮሌስትሮል የለውም። (በዚሁ ዘይት በተቁላላው ዶሮ ወጥ ላይ የምንጨምረው ቅቤ ግን አለው።)

ዘይት ስንመርጥ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው የቅባት ዓይነት ነው፤ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋልና። ከፓልም ዘይት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ይኸው ቅባት ሲሆን፣ በ100 ግራም የሱፍ ዘይት ውስጥ ያለው ግን 11 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ ያለ ላቦራቶሪም በዓይን ይታያል፦ በአዲስ አበባ ብርዳማ ማለዳ የፓልም ዘይት ጀሪካኑ ውስጥ ነጣ ብሎ ረግቶ አልወርድ ሲል፣ የሱፍ ዘይት እንደ ወትሮው ይቀዳል። ብዙ ሰው የረጋውን ሲያይ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ብሎ ይጠረጥራል፤ ሆኖም መርጋቱ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ያው ዘይት በድሬዳዋ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል።

ፓልም ከፍተኛ ሙቀትን ስለሚቋቋም ለጥብስ ይመቻል፤ ለዕለት ተዕለት ወጥ ግን እኔ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይትን አስቀድማለሁ። ሸማቹም ከፊት ለፊቱ ማስታወቂያ ይልቅ ጀርባው ላይ ባለው ሰንጠረዥ የሳቹሬትድ ፋቱን መጠን ቢያነጻጽር ይሻለዋል።