«ዌር ኦፍ» ምንድን ነው?

«ቤት ስትገባ ጫማህን ዌር ኦፍ አድርግ» የሚል የእንግሊዝኛ ትምህርት ሰሞኑን እንደገና አየሁ። ጫማ ለማውለቅ «ቴክ ኦፍ» አለ። ዌር ኦፍ አንድ ነገር ያሳደረብን ስሜት ወይም ኃይል በራሱ ጊዜ እየደከመ ሲለቀን ነው።

«ዌር መልበስ፣ ኦፍ ማራቅ፤ ሲደመር ማውለቅ» ብሎ የተከራከረኝ አለ። ልብስ ግን ሲለበስ ሲለበስ ያልቃል፤ ዌር ያንን ማለቅም ይዟል።

በሕክምና አስተርጓሚነት ስለምሠራ ስህተቱ ያስጨንቀኛል። ጥርሳቸውን የተነቀሉ እናት ሐኪሙ ማደንዘዣው ዌር ኦፍ እስኪያደርግ እንዳይበሉ ሲነግራቸው፣ ልጃቸው ቀድሞኝ «እስኪወልቅ አትብዪ» አላቸው። እሳቸውም ደሙን እንዲያቆም የነከሱትን ጥጥ አወጡት።

እንሶስላን አስቡ። ከሞቁት በኋላ ቀለሙን ማንም አያወልቀውም። ዕቃ ሲታጠብ፣ ሊጥ ሲቦካ መዳፍ ላይ ይደበዝዛል፤ ጥፍር ላይ ግን ይቆያል። የታች ጥርስ ማደንዘዣም እንደዚያው ነው፤ ጥርሱ ቀድሞ ይነቃል፣ ከንፈር ግን ደንዝዞ ይቆያል። ሳያውቁ ከንፈርን መንከስ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ልጆች ላይ በተለይ።

እንግዲህ የግሱ ባለቤት መድኃኒቱ ወይም ስሜቱ ነው። «መድኃኒቱ ዌር ኦፍ አደረገ» ይባላል፤ «መድኃኒቱን ዌር ኦፍ አደረግሁት» አይባልም። አማርኛችንም ቃሉ አለው፦ ማደንዘዣው ለቀቀው፣ ሞቅታው በረደለት።

«ለቀቀው»ን ግን በጥንቃቄ ነው የምጠቀምበት። ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ ለደከመ ሰው ናሎክሶን የተባለ ማርከሻ ይሰጠዋል። የማርከሻው ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይቆያል፤ ኦፒዮይዱ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሐኪሙ «ዌር ኦፍ ሊያደርግ ይችላል» ሲል «ሊለቀው ይችላል» ብዬ ብተረጉም፣ ቤተሰቡ ሕመሙ የሚለቀው መስሎት «ተመስገን» ብሎ ይዞት ወደ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ቃሉን ትቼ እንዲህ እላለሁ፦ «የማርከሻው ኃይል ቀድሞ ያልቃል፤ የወሰደው ነገር ግን ገና ሰውነቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ትንፋሹ እንደገና ሊደክም ስለሚችል እዚሁ ይቆይ።»