«ጅምር ነው» ያልነው ልጅ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።

ሚያዝያ 30፣ የቅዱስ ማርቆስ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ እየቀመስን የሰማሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ዐቢይ ጾምን ሙሉ አንድም ቀን የኪዳን ጸሎት ሳያስታጉል የከረመ ልጅ ነበረ። ከፋሲካ ወዲህ ግን የለም። ስሙ ሲነሣ አንዱ ወንድማችን «ተዉት፣ እሱ ድሮም ጅምር ነው» አለ። ተሳቀ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ነው ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ጅምር። ይህን ቃል ልብ ብላችሁታል? ማገሩ ተመትቶ ጭቃ ሳይመረግ የቀረውን ቤት ጅምር እንለዋለን። ልጅ ፊደል መቁጠር ሲጀምር ደግሞ «ጅምሩ ጥሩ ነው» እንላለን። ያው ቃል ነው፤ አንዱ ጋ ተስፋ፣ ሌላው ጋ ስድብ የሚያደርገው የተናጋሪው ልብ ነው።

ውጥንም አለ። በግእዙ ወጠነ ማለት ጀመረ ማለት ነው። የጥንት ጸሐፊዎቻችን ብራናውን «ንዌጥን በረድኤተ እግዚአብሔር» ብለው ይጀምሩና መጨረሻው ላይ «ተፈጸመ» ይላሉ። ዛሬ ውጥን ሲባል ዕቅድ ብቻ ይመስለናል። እናቴ ጋ ግን ውጥን በእጅ የሚያዝ ነገር ነበር፤ መዳፍ የምታክል የስፌት መነሻ፣ ወስፌው እንደተሰካባት የምትቀመጥ። ልጅ ሲታመም፣ ለቅሶ ሲመጣ ወር ሁለት ወር ትተዋታለች። የሚሰፋበት ሣር፣ አክርማው፣ ይደርቃል፣ ስትነካው ቀሽ ቀሽ ይላል። ግን አትጥለውም። ውኃ አርከፍክፋ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ ታሳድረዋለች። ጠዋት ለስልሶ ይጠብቃታል፤ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

እና ያን ዕለት በዓሉን ያከበርንለት ማርቆስ እኮ ራሱ ጅምር ተብሎ ነበር! የናቱ ቤት ክርስቲያኖች ተሰብስበው የሚጸልዩበት ነው (ሐዋ. 12፥12)፤ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፣ እንደኛ። ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጣ፤ ጵንፍልያ ሲደርሱ ግን ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ መጽሐፉ አይነግረንም። ኋላ በርናባስ «እንውሰደው» ሲል ጳውሎስ እምቢ አለ፣ በዚህ የተነሣ ሁለቱ ሐዋርያት እስኪለያዩ ድረስ ተከፋፉ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። በቃ፣ የደረቀውን ውጥን ውኃ ያርከፈከፈበት እሱ ነው። ስሙም የመጽናናት ልጅ ማለት ነው።

የዚያ ልጅ መጨረሻ ወንጌላዊ፣ የእስክንድርያ መንበር አባት፣ ሰማዕት ነው። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ እኛ የላከው አትናቴዎስ በማርቆስ መንበር 20ኛው ነው። ካህን «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲለን የምንሰማው ክህነት ከጵንፍልያ በተመለሰው ሰው መንበር በኩል የመጣልን ነው። ይህን እያወቅን እንዴት እንስቃለን?

ጌታ በሉቃስ 14 ስለ ግንቡ ሲያስተምር ወጪህን አስቀድመህ ቁጠር ያለው ለያንዳንዳችን ነው። «ይህ ሰው ሊሠራ ጀምሮ ሊደመድመው አቃተው» የሚሉት ግን ዘባቾች ናቸው። ወገኖቼ፣ እኛ ከነሱ ጋር ቆመናል። በጾም የመጣውን በፋሲካ እንቆጥራለን፣ ንስሐ የገባውን መቼ ይወድቃል ብለን እንጠብቃለን፣ ሲወድቅ ደግሞ ማን ቀድሞ እንዳወቀ እንከራከራለን። ይህ ክፉ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የኛስ ግንብ የቱ ጋ ደርሷል?

ያ እምቢ ያለው ጳውሎስ ሸምግሎ፣ ታስሮ፣ ሞቱን እየጠበቀ ለጢሞቴዎስ «ማርቆስን ይዘኸው ከአንተ ጋር አምጣው፥ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና» ብሎ ጻፈ። ይህቺን ቃል ሳነብ እንባዬ ይመጣል። በዚያው ምዕራፍ ዴማስም አለ፣ የአሁኑን ዓለም ወድዶ የሄደው። ሁሉም ይመለሳል አልልም። ግን ማን ማርቆስ፣ ማን ዴማስ እንደሆነ ጵንፍልያ ላይ ቆሞ ያወቀ ሰው የለም።

ትናንት ማታ ለልጁ ደወልኩለት። መጀመሪያ አላነሣም። ሁለተኛው ላይ «ጋሼ፣ እኔኮ አፍሬ ነው» አለኝ። ሥራ ቦታው የገጠመውን ነገረኝ፣ እኔም ሰማሁት፣ ብዙ አልመከርኩትም። እሑድ እመጣለሁ አላለም። ግን ስልኩን ለመዝጋት አልቸኮለም።