ሕፃናቱን የከለከሉት ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በተለይም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርት የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፤ ሰሞኑን ያየሁት የአንድ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው የምጽፍላችሁ። ልጆቹ «ስለ እግዚአብሔር የተማራችሁትን ሣሉ» ተብለው ነበር። ይህ ልጅ ገጹን በቀይ እርሳስ እሳት ሞላው፤ መካከሉ ላይ ቀጭን ሰው ሣለ፤ ከሥሩ የራሱን ስም ጻፈ። ጥጉ ላይ የመምህሩ ራይት አለ። ልጁ ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ መጥቶ «ሠርቻለሁ» በማለቱ ነው አሉኝ።

ማርቆስ ወንጌላዊ በምዕራፍ 10 የጻፈውን አስቡ። ወላጆች ሕፃናትን እንዲዳስሳቸው ወደ ጌታ አመጡ፤ «ደቀ መዛሙርቱም ያመጡአቸውን ገሠጹአቸው።» የገሠጹት ፈሪሳውያን አይደሉም፣ የሄሮድስ ጭፍሮችም አይደሉም። ከጌታ ጋር የሚበሉ፣ ቃሉን በየቀኑ የሚሰሙ፣ ለክብሩ የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። ማቴዎስም ሉቃስም ይህን ታሪክ ጽፈውታል፤ ጌታ እንደ ተቈጣ የነገረን ግን ማርቆስ ብቻ ነው። ቀጥሎም «አቀፋቸውም» ይላል፤ ይህንንም የምናገኘው በእርሱ ብቻ ነው። ቍጣው በታላላቆቹ ላይ ነው፣ እቅፉ ለሕፃናቱ። እኛ ገልብጠነዋል። ለራሳችን ምሕረቱን፣ ለሰባት ዓመት ልጅ ቍጣውን እናካፍላለን።

ደግሞስ እሳቱ ብቻ መቼ ሆነ! «አቡነ ዘበሰማያት»ን ሲያነበንብ መካከል ላይ የጠፋበትን ልጅ በጓደኞቹ ፊት የሚያሳፍር መምህር አለ። ጥፋተኛውን «ተንበርከክ!» ብሎ ጥግ የሚያስይዝም አለ። መንበርከክ በእግዚአብሔር ፊት የምንቀርብበት ነው፤ ያ ልጅ ነገ ለጸሎት ተንበርከክ ሲባል ጉልበቱ የሚያስታውሰው ምን ይመስላችኋል? እርግጥ ትምህርቱ ፈተና ሊኖረው ይችላል፤ ማርቆስ ስንተኛው ወንጌል ነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ጸሎትን ግን ከአሥር ስንት ብላችሁ አታርሙ፤ እባካችሁ።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን የምወድደው በዚህ ነገር ላይ ስለሚራራ ነው። በ407 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በስደት ያረፈው ይህ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ነገሥታትን በመገሠጽ ይታወቃል፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲያስተምር ግን ድምፁ ሌላ ነው። ማታ ማዕድ ላይ የቃየንና የአቤልን ታሪክ ንገሩት ይላል፤ ልጁ እንዳይሰለች ነገሩን አጣፍጡት፣ እናቱም አብራ ተቀምጣ ታድንቅ። በሌላ ምሽት «የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ ንገረኝ» በሉት። ስለ ቃየን ሲጀምር «የለም፣ አባታቸው የባረካቸውን ሁለቱን» በሉትና ወደ ያዕቆብና ዔሳው ውሰዱት። ታሪኩ በቤተ ክርስቲያን በሚነበብበት ቀን ደግሞ ይዛችሁት ሂዱ፤ የሚያውቀውን ሲሰማ በደስታ ይዘላል ይላል። የቃየንን ቅጣት አይደብቅም። የጥፋት ውኃንና የሰዶምን ነገር ስምንት ወይም አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ገሃነምን ግን አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆነው ይስማ ብሎ ያቆያል። አፈወርቅ በገሃነም አያምንም የሚል ካለ ስብከቱን አላነበበም። ያምናል፤ ግን ለማን መቼ እንደሚነገር ያውቃል።

«እግዚአብሔርን መፍራት የጥበብ መጀመሪያ አይደለምን?» ትሉኛላችሁ። ነው እንጂ። ዳዊትም በመዝሙር 33 «ኑ፣ ልጆቼ፣ ስሙኝ፤ እግዚአብሔርን መፍራት አስተምራችኋለሁ» ይላል። ይህ ቍጥር 11 ነው። በዚያው መዝሙር ቍጥር 8 ላይ ምን ብሎ ነበር? «እግዚአብሔር ቸር እንደ ሆነ ቅመሱ እዩም።» አስቀድሞ አቀመሳቸው፤ ከዚያ ልጆቼ ብሎ ጠራቸው፤ ከዚያ መፍራትን አስተማራቸው። ቸርነቱን ያልቀመሰ ልጅ የሚፈራው ዱላን ነው፤ ዱላው የራቀ ዕለት እርሱም ይርቃል። አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ ከቤተ ክርስቲያን የጠፉብንን ልጆች ስንፈልግ ጥፋቱን ሁሉ በስልክና በጓደኛ ላይ አናላክክ።

በመምህራኑ ላይ ብቻ ደግሞ አልፈርድም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በጩኸት የተሞላ ክፍል፣ ለሌላው ትምህርት ሲባል በየጊዜው የሚነጠቅ ሰዓት፤ ሸክማችሁን አውቃለሁ። ቢያንስ አንድ ታሪክ በደንብ ተርካችሁ ከወጣችሁ በቂ ነው፤ መጽሐፉን አልጨረስንም ብላችሁ አትጨነቁ። ጢሞቴዎስን ያስተማሩት አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ ናቸው፤ ጳውሎስ ሲመጣ እምነቱን እቤት ተተክሎ ነው ያገኘው። እናንት ወላጆች ግን «ትምህርት ቤት ይማሩታል» ብላችሁ አርፋችሁ ተኝታችኋል። ልጃችሁ ስለ እግዚአብሔር ምን እንደ ተማረ ዛሬ ማታ ጠይቁት፤ ሳትቈጡ፣ ሳታርሙ፣ እስኪጨርስ ስሙት። የሚነግራችሁ የእሳት ታሪክ ብቻ ከሆነ ነገ ሄዳችሁ ከመምህሩ ጋር በፍቅር ተነጋገሩ፤ ማታ ደግሞ አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ ያመጣውን ብላቴና ተርኩለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።