ሰኔ 14 ወይስ ጁን 21?

አያት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ጎረቤታችን እትዬ አስቆሙኝ። «በ2013 ምርጫው 14 ነው ሲሉ፣ 21 ነው ሲሉ ነበር። ልክ የቱ ነው?» አሉኝ። ሁለቱም ልክ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 እና የፈረንጁ ጁን 21 ቀን 2021 አንድ ሰኞ ናቸው።

በሰኔ ቀን ላይ 7 ደምሩ፣ የፈረንጁ ቀን ይመጣል። በግንቦት ግን 8 ነው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው።

በዓላትም በዚሁ ይምታታሉ። ጳጉሜ 6 ስትሆን እንቁጣጣሽ የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፣ ጥምቀትም ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይገፋል። የፈረንጁ ፌብሩዋሪ 29 ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ይስተካከላል። ስለዚህ ዓድዋ የካቲት 23 ሁልጊዜ ማርች 2 ነው።

ምርጫ ግን እንደ በዓል ቋሚ ቀን የለውም። ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት ዘመን 5 ዓመት ነው፣ አዲሱ ምርጫም ዘመኑ ከማለቁ አንድ ወር በፊት ይጠናቀቅ ይላል። ቀኑን ጊዜው ሲደርስ በጊዜ ሰሌዳ ማሳወቅ የምርጫ ቦርድ ሥራ ነው። 6ኛው ምርጫ ለነሐሴ 2012 ታስቦ ነበር፤ በኮሮና ምክንያት ተራዝሞ ነው ሰኔ 2013 ላይ የዋለው።

ለከተማው ዳር ሰው ደግሞ ከቀኑ በላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። በ2011 የወጣው የምርጫ ሕግ፣ መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት ይላል። እኛ ጋ ተከራዩ ብዙ ነው፣ ቤት ይቀየራል። የት እንደምትመዘገቡ ቀድማችሁ ጠይቁ።