የነዳጅ ሞዴል አውሮፕላንን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር

በሬዲዮ የሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖች ለረጅም ዘመን ሲበሩ የኖሩት ሜታኖል፣ ኒትሮሜቴንና የጉሎ ዘይት በተቀላቀለበት ነዳጅ ነው። ዛሬ ብዙ አሮጌ ሞዴሎች ሞተራቸው ከነማርሚታውና ከነነዳጅ ታንኩ ይወጣና ብሩሽ አልባ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያና ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ይገጠምላቸዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን እ.ኤ.አ. በ1957 «ራዲዮ ክዊን» የተባለውን ሞዴል በብር-ዚንክ ባትሪ አብርረዋል። ለአሥርት ዓመታት መሰናክል የሆነው የባትሪው ክብደት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ሊፖ ሲስፋፋ ነገሩ ተለወጠ።

ስሌቱ የሚጀምረው ከክብደት ነው። ለመለማመጃ አውሮፕላን በኪሎ ግራም 220 ዋት ገደማ ይበቃል፤ ለአክሮባት 330 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በተለምዶ «አርባ» የሚባለውን፣ 6.5 ሲሲ ሞተር የሚሸከመውን መለማመጃ እንውሰድ። የክንፉ ርዝመት 1.6 ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ 550 ዋት ይፈልጋል። ባለ 4 ሴል ሊፖ ጭነት ሲበዛበት ወደ 14 ቮልት ይወርዳል፤ 40 አምፔር ሲሳብበት 560 ዋት ይሰጣል። ለዚህ 200 ግራም የሚመዝን ባለ 770 ኬቪ ሞተር፣ ባለ 60 አምፔር መቆጣጠሪያና 12×8 ኢንች (ዲያሜትሩ 12፣ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው 8) የኤሌክትሪክ ፕሮፔለር ጥሩ መነሻ ነው። ኬቪ ማለት ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው።

አምፔሩን ግን ከሁሉም በላይ የሚወስነው ፕሮፔለሩ ነው። ከ12 ወደ 13 ኢንች ማደግ ብቻ ጭነቱን በሲሶ ገደማ ያንረዋል። መቆጣጠሪያዎች በብዛት የሚቃጠሉትም ጉልበት አነሰ ተብሎ ሳይለካ ትልቅ ፕሮፔለር ሲገጠም ነው። የአምራቹ ሠንጠረዥ ግምት ነው። እውነቱን የሚነግረው በባትሪውና በመቆጣጠሪያው መካከል የሚሰካ ዋት ሜትር ስለሆነ፣ ለእሱ ገንዘብ የሌለው ሰው ሞተሩንም ባይገዛ ይሻላል። አውሮፕላኑ በደንብ ታስሮ ሙሉ ጉልበት ለጥቂት ሰከንድ ይለካል፤ ንባቡ ከ45 አምፔር ካለፈ ፕሮፔለሩ ይቀነሳል።

ከሥራው ሁሉ አሰልቺው እንጨቱን ማጽዳት ነው፤ ሊዘለል ግን አይችልም። ዓመታት በነዳጅ ሲበር የኖረ አውሮፕላን ሞተሩ የሚታሰርበት ግድግዳና የታንኩ ክፍል ዘይት ጠጥተው ይጠቁራሉ። ኢፖክሲ ሙጫ ዘይት የጠጣ በልሳ (ሞዴል የሚሠራበት ቀላል እንጨት) ላይ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም፤ ግድግዳው ከነሞተሩ አየር ላይ ሊነቀል ይችላል። መጀመሪያ በአልኮል ይወለወላል፤ አልኮሉ ፈጽሞ ከደረቀና ቤቱ አየር ካገኘ በኋላ የበቆሎ ስታርች ይነሰነስበትና በፀጉር ማድረቂያ ይሞቃል። ሙቀቱ ዘይቱን ወደ ላይ ሲያወጣው ስታርቹ ይመጠውና ቢጫ ሆኖ ይጓጉላል፤ ያ ተጠርጎ እንደገና ይነሰነሳል። ስታርቹ ነጭ ሆኖ ሲቀር ቁራጭ እንጨት በኢፖክሲ ተለጥፎ ከደረቀ በኋላ ይገነጠላል። ከሙጫው ጋር እንጨቱ ተሰንጥቆ ከመጣ ጥሩ ነው፤ ሙጫው ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ግድግዳው በአዲስ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ መተካት አለበት።

ሞተሩ በአራት የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ ይቆማል። የቱቦዎቹ ርዝመት ፕሮፔለሩን በቀድሞው ቦታ የሚያስቀምጥ፣ የሞተሩም ዘንግ እንደ ድሮው ወደ ቀኝ 2 ዲግሪ ያህልና በመጠኑ ወደ ታች ያዘነበለ መሆን አለበት። ብሎኖቹ በሰማያዊ የብሎን ሙጫ ይጠብቃሉ።

የሚወጣውና የሚገባው ክብደት ተቀራራቢ ነው። የነዳጅ ሞተሩ ከነማርሚታው 400 ግራም፣ ሙሉ ታንኩ 250 ግራም፣ የጋዝ ሰርቮው (የነዳጅ ሞተሩን ጉልበት የሚጨምረውና የሚቀንሰው ትንሽ ሞተር) እና የሪሲቨሩ (የሬዲዮ ተቀባዩ) ባትሪ አንድ ላይ 140 ግራም ገደማ ናቸው። ባለ 4000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ብቻውን ከ400 ግራም በላይ ይመዝናል። አፍንጫው ግን ስለሚቀልለው ባትሪው ወደ ታንኩ ክፍል መግባት አለበት። የሚዛን ነጥቡ ከክንፉ ፊት ጠርዝ ጀምሮ በክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 30 በመቶ ላይ እንዲውል ቦታው እየተገፋ ይፈተናል። ከላይ ክዳን ሲቆረጥ ተሸካሚ ዘንጎቹ አይነኩም። ባትሪው በቬልክሮ ብቻ ሳይሆን በማሰሪያም ይታሰራል፤ ሽቅብ ሲወጣ ወደ ኋላ ከሸሸ አውሮፕላኑ አይመለስም። ነዳጅ እያለቀ ይቀልል ነበር፣ ባትሪ ግን አይቀልም፤ ስለዚህ ሲያርፍ ከለመደው ትንሽ ፈጠን ይላል።

ሽቦ ካጠረ ከመቆጣጠሪያው ወደ ሞተር የሚሄዱት ሦስቱ ይረዝማሉ። የባትሪው ወገን ከረዘመ የመቆጣጠሪያው ካፓሲተሮች ይጎዳሉ። ሞተሩ በተቃራኒ ከዞረ ከሦስቱ ሁለቱን ማቀያየር ይበቃል። ባለ 4 ሴል ባትሪ ላይ አራት ሰርቮ ካለ ለሪሲቨሩ 5 ቮልት የሚሰጠው ክፍል ስዊቺንግ ዓይነት (ኃይሉን እያበራና እያጠፋ ቮልቱን የሚያወርድ) ይሁን፤ ትርፉን ወደ ሙቀት የሚለውጠው ሊኒየር ይግልና አየር ላይ መሪውን ያሳጣል። የማቀዝቀዣ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከሚገባበት በእጥፍ ገደማ ይስፋ። ይህ ሁሉ በሚስተካከልበት ጊዜ ፕሮፔለሩ ወልቆ መቆየት አለበት። የነዳጅ ሞተር እጅ ሲያገኘው ሊጠፋ ይችላል፤ ኤሌክትሪኩ ግን አምፔር ጨምሮ ይዞራል።

በመካከለኛ በረራ አማካይ ፍጆታው 20 አምፔር ከሆነና ከባትሪው 80 በመቶው ብቻ ከተወሰደ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ይበራል፤ የማስጠንቀቂያ ሰዓቱ ግን በስምንት ደቂቃ ላይ እንዲደውል ይሞላል።

ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍ ያሉ እንደ አዲስ አበባ ያሉ ከተሞች ላይ የአየሩ እፍግታ በ20 በመቶ ያንሳል። ነዳጅ ሞተር እዚያ ይደክማል። ኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን አያጣም፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው 12×8 ፕሮፔለር አነስ ያለ አምፔር ይስባል፣ ስለዚህ አሁንም እየለኩ ወደ 13 ኢንች ማሳደግ ይቻላል። ፕሮፔለሩ መሬት እንዳይነካ የጎማው እግር ቁመት አስቀድሞ ይታይ። የማረፊያ ፍጥነቱም በ12 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልጋል።

ባትሪው ከውጭ በመንገደኛ አውሮፕላን ሲመጣ በእጅ ሻንጣ፣ ጫፎቹ ተሸፍነው ይያዛል። ባለ 4 ሴል 4000ው 59 ዋት ሰዓት ስለሆነ ለመንገደኛ ከተፈቀደው የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በታች ነው። ከሳምንት በላይ ካልተበረረበት እያንዳንዱ ሴል በ3.8 ቮልት ይቀመጣል፤ ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም።